ሥጋ ያልነካው ዛጎል

የዓለምዘርፍ ስልኳ በጠራ ቁጥር አስቀድሞ የሚታያት ሞት ነው። ከአገር ቤት ከሆነ እናቷ፣ ከባሏ ከሆነ የመኪና አደጋ፣ ከልጇ ትምህርት ቤት ከሆነ ደግሞ በር ሰብሮ የገባ ታጣቂ። ባሏ ጊዲዮን፣ «አንቺ እኮ ሎተሪ ደርሶሻል ብለው ቢደውሉልሽም ‹ማን ሞተ?› ነው የምትይው» እያለ ይስቅባታል።

«ዲቪ የደረሰን ዕለትስ መች አልኩ?»

«ያን ዕለትማ ‹አውሮፕላኑ ይወድቃል› ነው ያልሽው።»

የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ በዐቢይ ጾም እኩሌታ ላይ የልጇ የሃኒ ሐኪም ቢሮ ደውሎ «ነገ ጠዋት ይዘሻት ነይ» ሲላት አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው አፓርታማቸው ኩሽና ውስጥ ወንበር ስባ ተቀመጠችና «አውቄው ነበር» አለች፤ የሚሰማት ግን ማቀዝቀዣው ብቻ ነበር።

ሃኒ ስምንት ዓመቷ ነው፤ አንድያ ልጃቸው። ከገና ወዲህ «ሆዴን» ትላለች። ሽንት ቤት ገብታ ብዙ ቆይታ እንዲያው ትወጣለች። ከንፈሯ ነጥቷል። ጫማሽን እሰሪ ሲሏት ታለቅሳለች። አስተማሪዋም «ክፍል ውስጥ ትፈዛለች» ብላ መልእክት ልካለች። ጊዲዮን ዕድገት ነው አለ፤ እህቱ ሳሌም የሰው ዓይን ነው አለች፤ የዓለምዘርፍ ካንሰር ነው አለች። ሐኪሟ ግን ምንም ሳትል ደም ወሰደች።

የዓለምዘርፍ የምትሠራው አዛውንቶች በሚጦሩበት ቤት ስለሆነ እንግሊዝኛው አይቸግራትም። ስለ ልጇ ሲሆን ግን አንዲት ቃል እንዳታመልጣት ፈርታ አስተርጓሚ ጠየቀች። ከጠረጴዛው ላይ ካለው ስልክ የአንድ ሰው ረጋ ያለ አማርኛ መጣ።

«ሐኪሟ እንደሚሉት በልጅዎ ደም ውስጥ ሌድ ተገኝቷል። እርሳስ የሚባለው ከባድ ብረት ማለት ነው። ካድሚየም የሚባል ሌላ ብረትም ትንሽ አለ።»

«ብረት? ብረት በየት በኩል ገባ?»

«እሱን ነው የምንፈልገው ይላሉ። ሌድ የልጅን አንጎል ይጎዳል። የሚገባበት ቀዳዳ ካልተዘጋ ደግሞ ማከሙ በተቀደደ እንስራ ውሃ እንደ መቅዳት ነው።» እንስራው የአስተርጓሚው የራሱ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ ጥያቄው ተከታተለ። ዓይኗን ትኳላለች ወይ? በሸክላ ትበላላችሁ ወይ? ከአገር ቤት የመጣ ቅመም አለ ወይ? ቤታችሁ አሮጌ ነው ወይ? የዓለምዘርፍ ለሁሉም «አዎ» አለች። በመጨረሻ ሐኪሟ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ ሌላ ነገር ጠየቀች።

«ካድሚየሙ አንዳንዴ ከተበከለ የባሕር ዳርቻ ከሚወጡ፣ ዛጎል ካላቸው እንስሳት ይመጣል ይላሉ። ኦይስተር፣ ክላም፣ ክራብ ትበላለች ወይ?»

ይኼኔ የዓለምዘርፍ ቀና አለች። «ኧረ በስመ አብ! ክንፍና ቅርፊት የሌለው የባሕር ነገር ከቤታችን ደጃፍ አይደርስም። ኦርቶዶክሶች ነን በልልኝ።»

አስተርጓሚው አስረዝሞ ተረጎመላት። ሐኪሟም ይቅርታ ጠይቃ ጽፋ አለፈች። የዓለምዘርፍ አልዋሸችም። ኦይስተር በልታም አታውቅ፤ ልጇም በልታ አታውቅም።

ሊወጡ ሲነሡ ሐኪሟ አንድ ምክር ጨመረች። ካልሲየም ያለበትን ነገር አብዙላት፤ ካልሲየም በርከት ሲል ሰውነት ሌዱን እንደ ልቡ አይመጠውም አለች።

«እሱንማ እየሰጠኋት ነው!» አለች የዓለምዘርፍ፣ አስተርጓሚውን እንኳ ሳትጠብቅ በእንግሊዝኛ። «በየቀኑ ነው የምሰጣት።»

«በጣም ጥሩ። ጨምሪላት» አለች ሐኪሟ፣ ወተት መስሏት።

ወተት ግን አልነበረም።

ነገሩ የተጀመረው በነቢያት ጾም ነው። ሃኒ ሰባት ዓመት ከሞላት ጀምሮ ከእናት ከአባቷ ጋር ትጾማለች። ወተት ስትተው የዓለምዘርፍ ዓይን የልጇ አጥንት ላይ ዐረፈ፤ ይሳሳል፣ ይሰበራል፣ ልጅቷ ትጎብጣለች አለች። የአኩሪ አተር ወተት ገዛችላት፤ ሃኒ ተፋችው። እንደ ከረሜላ የሚታኘኩ ቪታሚኖች ገዛችላት፤ ከዚያ ጀላቲን የሚሉት ከአሳማ ቆዳ እንደሚሠራ ስልኳ ላይ አንብባ ጠርሙሱን ከነክዳኑ ጣለችው። ኋላ አንዲት ሴት በቪዲዮ የእንቁላል ቅርፊት ፈጭታ ለልጆቿ ስትሰጥ አየች። ደስ አላት። ግን እንቁላል ፍስክ ነው፤ ቅርፊቱም የዚያው ነው።

መላውን የነገራት የሳሌም ባል ይገዙ ነው። ሳሌምና ይገዙ ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ በማይርቀው አሌክሳንድርያ ነው የሚኖሩት። ይገዙ እዚያው ምግብ ቤት ውስጥ ኦይስተር ሲከፍት ይውላል፤ በቢላ የሚከፍተውን ግን ባፉ አያደርስም። «ቀኑን ሙሉ እርኩስ ስከፍት ውዬ ማታ በሽሮ እቀደሳለሁ» ይላል። እሱ ነው፣ «ካልሲየም ከሆነ የፈለግሽው የኦይስተር ዛጎል እኮ ሁለመናው ካልሲየም ነው፤ ሼፉ ለጽጌረዳዎቹ ይፈጨዋል» ያላት።

የዓለምዘርፍ ብዙ አሰበችበት። ዛጎል ሥጋ አይደለም። ደም የለው፤ ድንጋይ ነው። ድንጋይ ደግሞ ጾም አይገድፍም። እርኩስ የተባለው ውስጡ ያለው ነው እንጂ ቤቱ ምን አደረገ?

ይገዙ ከምግብ ቤቱ አንድ ከረጢት አመጣላት። ከፍታ አሸተተችና አፍንጫዋን ያዘች።

«ቅቤ ነክቶታል!»

«በቅቤና በነጭ ሽንኩርት ነዋ የሚጠበሰው።»

«ሥጋውም ጥግ ጥጉ ላይ ተጣብቋል። ውሰድልኝ።»

«ታዲያ እንዴት ያለ ዛጎል ላምጣልሽ? ቆሞ ያስቀደሰ?»

«ሥጋ ያልነካው» አለች። «የደረቀ፣ የነጣ፣ ፀሐይና ውሃ ያነጹት።»

ይገዙ የዕረፍት ቀኑን አቅራቢያቸው ባለው ባሕረ ሰላጤ ዳር ዓሣ በማጥመድ ነው የሚያሳልፈው። በሚቀጥለው ሳምንት ከዳርቻው ለቅሞ አመጣላት፤ ባዶ፣ ንጹሕ፣ አጥንት የመሰለ ነጭ ዛጎል። ቀቀለችው። በምድጃ አደረቀችው። በፎጣ ጠቅልላ በመዶሻ ወቀጠችው፤ በቡና መፍጫ ፈጨችው፤ በወንፊት ነፋችው። የማኛ ጤፍ ዱቄት መሰለ። በመስታወት የማር ማሰሮ አኖረችውና በየጠዋቱ አንድ የሻይ ማንኪያ በብርቱካን ጭማቂ እየበጠበጠች፣ በስመ አብ ብላ፣ ለልጇ ማጠጣት ጀመረች።

ሌድ የሚባል ነገር መኖሩን ካወቀች ወዲህ የዓለምዘርፍ ቤቷን እንደ ጠላት አገር ታየው ጀመር። እናቷ የላከችላትን ኩል ጣለች። ሸክላ ድስቷን ጣለች። እርዱንና በርበሬውን በጥቁር ከረጢት ቋጥራ ስትወጣ ጊዲዮን በሩ ላይ ቆመባት።

«በርበሬውን እንኳ ተይ! ይኼ እኮ እናቴ በሰው ሻንጣ ለምና የላከችው ነው።»

«እናትህ ትሙት ወይስ ልጅህ?»

«ኧረ ማንም አይሙት! ምን ዓይነት ምርጫ ነው?»

በርበሬውም ተጣለ። የንስሐ አባታቸው አባ ዓምደሚካኤል ጋ ደውላ ጉዳዩን ስትነግራቸው ወዲያው ነው የፈቱላት።

«ልጄ፣ ጾም የታመመን ሕፃን ለማሠቃየት አልተሠራም። ወተቱን ስጪያት፤ ሥጋውንም ስጪያት።»

«አባ፣ እግዚአብሔር አይቆጣብኝም?»

«ብትከለክያት ነው የሚቆጣሽ።»

ስለዚህ ሃኒ በዐቢይ ጾም ወተት ጠጣች። የዓለምዘርፍም ሐኪሟ «ጨምሪላት» ያለችውን አስታውሳ፣ ወተቱ ላይ በአንዱ ማንኪያ ፈንታ ሁለት ማንኪያ ዱቄት ጨመረችበት።

ከካውንቲው ጤና ቢሮ አንዲት ሴት መጣች። ሽጉጥ የመሰለ መሣሪያ ይዛ ግድግዳውን፣ በሩን፣ ቧንቧውን፣ የሃኒን መጫወቻ ሳይቀር አንድ በአንድ ነካካች። የባሕል መድኃኒት ትጠቀማላችሁ ወይ ስትላት የዓለምዘርፍ ቅር ተሰኝታ፣ «እኛ ጥንቆላ አናውቅም» አለቻት። የማሰሮው ነገር ውል አላለባትም። እሱ መድኃኒት አይደለም፤ ካልሲየም ነው።

ሴትዮዋ ከመኝታ ቤቱ መስኮት ስትደርስ መሣሪያው ጮኸ። የመስኮቱ ቀለም ተልጧል፤ ከሥር ያለው የድሮ ነው፤ ሌድ አለበት። መስኮቱ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ዱቄት ሆኖ ይረግፋል አለች። የሕንፃው ባለቤት እስኪያስጠግነው ልጅቷን ከዚህ ክፍል አርቂያት አለቻት።

የዓለምዘርፍ መስኮቱን እያየች የተሰማት ፍርሃት ከእፎይታ ጋር ተደባለቀ። ጠላቷ ስም አገኘ፤ ቦታ አገኘ። በዚያው ዕለት ሻንጣ አዘጋጀች። የቤቱ አቧራ አብሮ እንዳይመጣ የሃኒን አሻንጉሊት እንኳ አልያዘችም። የያዘችው አዲስ የታጠበ ልብስና የማር ማሰሮውን ነው።

የሳሌም ቤት አዲስ ነው። ግድግዳው ገና ቀለም ቀለም ይሸታል። «እዚህ ከኔ ምላስ በቀር መርዝ የለም» ብላ ነው ሳሌም የተቀበለቻቸው። ጊዲዮን ሲልቨር ስፕሪንግ ቀርቶ ሥራውን ይሠራል፤ ማታ ማታ በስልክ ያያቸዋል። የዓለምዘርፍ ፈቃድ ወሰደች። ትምህርት ቤቱንም አስፈቀደች።

አሁን እንግዲህ ልጅቷ ትድናለች አለች። መስኮቱ የለም። በርበሬው የለም። ንጹሕ ቤት፣ ወተት፣ ካልሲየም።

ሃኒ ግን ባሰባት። የበላችውን ትመልስ ጀመር። አንድ ቀን ደረጃ ስትወርድ ያለ ምንም ዕንቅፋት ወደቀች። ሳሌም ሥዕል አምጥታላት «ይኼ ምንድነው?» ስትላት፣ በሁለት ዓመቷ የምታውቀውን ዝሆን ዝም ብላ አየችው።

«ሃኒዬ፣ ዝሆን እኮ ነው» አለች የዓለምዘርፍ።

«አይ ኖው» አለች ሃኒ። ያወቀች ለመምሰል እንደሆነ እናቷ አየችባት።

በዚያ ጠዋት የዓለምዘርፍ ኩሽና ገብታ ወተቱ ውስጥ ሦስተኛ ማንኪያ ጨመረች። በችኮላዋ ዱቄቱ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። በጣቷ ሰብስባ መልሳ ብርጭቆው ውስጥ አደረገችው።

«ፈጥነሽ ጠጪልኝ፣ የኔ እናት።»

«ኢት ቴስትስ ላይክ ቾክ» አለች፣ ጠመኔ ጠመኔ ብሏት።

«ለአጥንትሽ ነው፤ ጠጪ።»

ጠጣች። ሃኒ ታዛዥ ልጅ ናት።

ደም ተወሰደ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሐኪሟ በራሷ ስልክ ደወለች። የዓለምዘርፍ ድምፅ ማጉያውን ከፈተችው፤ ሳሌም አጠገቧ ናት፤ ይገዙ ከሥራ ገብቶ በሩ ላይ ጫማውን ያወልቃል።

ቁጥሩ አልወረደም። ከበፊቱ እጅግ ጨምሯል። አሁኑኑ ወደ ሕፃናት ሆስፒታል ይዘሻት ሂጂ፤ ደውዬ እነግራቸዋለሁ አለች ሐኪሟ። «የዓለምዘርፍ፣ አስቢ። ቤቱን ለቃችኋል፤ መስኮቱ የለም። ከዚያኛው ቤት ወደዚህኛው አብሯት የመጣ ምን አለ?»

«ምንም!» አለች። «ልብሷ ብቻ ነው። እሱንም አጥቤዋለሁ!»

ስልኩ ተዘጋ። የዓለምዘርፍ ጉልበቷን ይዛ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሳሌም ፈጠን ብላ ቦርሳ አነሣች፤ ፎጣ፣ ፒጃማ፣ የሃኒን የጥርስ ብሩሽ ከተተች።

«የዓለሜ፣ ተነሺ። ተነሺ እንጂ! ወተት እዚያም ይሰጧታል። ይቺን ዱቄቷንስ ልያዝላት?»

«እሱን እንዳትረሺ፤ እሱ ነው የሚያድናት።»

ይገዙ አንድ ጫማውን እንዳወለቀ ቀና አለ። «የምን ዱቄት?»

«ካልሲየሟ ነዋ» አለች ሳሌም፣ ማሰሮውን እያሳየችው።

«ያ ዛጎል? እስካሁን? የገና ጾም አልቋል ብዬ እኮ…» አቋረጠው። ፊቱ ላይ የነበረው ቀልድ ሁሉ ወረደ። ማሰሮውን ከሳሌም እጅ ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው።

«ምንድነው?» አለች የዓለምዘርፍ። «ይገዙ፣ ምንድነው?»

«ምንም አይደለም።»

«ንገረኝ!»

«የለቀምኩበት ቦታ…» ከንፈሩን ላሰ። «እዚያ ድሮ ጀልባ ይጠግኑ ነበር። ከጀልባው ሆድ ላይ ቀለም እየፋቁ ውሃው ዳር ነው የሚያራግፉት። ተዘግቷል፤ ግን ቀለሙ አሁንም አሸዋው ላይ አለ፤ ሰማያዊ፣ ቀይ። ከዚያ ኦይስተር መልቀም ክልክል ነው የሚል ሰሌዳ አለ።»

«ሰሌዳ አለ?»

«አትብሉ ነው እኮ የሚለው፣ የዓለም! የሚበላ መች ለቀምኩ? ባዶ ዛጎል ነው። ያንቺ ቃል ነው፤ ሥጋ ያልነካው አልሽኝ። የምግብ ቤቱን መለስሽብኝ። እዚያ ሥጋ ያለበት ኦይስተር የለም፤ ሁሉም ሞቷል። ንጹሕ መሰለኝ።»

የዓለምዘርፍ «ሁሉም ሞቷል» የሚለውን ሰማች። ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማችም። የካውንቲዋ ሴት የተናገረችው ቃል በጆሮዋ መጣ፤ ዱቄት ሆኖ ይረግፋል። መስኮቱን ማንም በመዶሻ አልወቀጠውም። መስኮቱን ማንም በወንፊት ነፍቶ በማንኪያ አልሰጣትም። ሃኒ ሶፋው ላይ ተጋድማ፣ ዓይኗን ግማሽ ከፍታ ታያቸዋለች።

«ማሚ፣ ኣር ዊ ጎይንግ?»

«አዎ፣ የኔ እናት። እየሄድን ነው።»

ይገዙ በአንድ እግሩ ጫማ፣ በአንድ እግሩ ካልሲ መኪናውን ነዳ። የዓለምዘርፍ ማሰሮውን በሁለት ጉልበቷ መሃል አጥብቃ ይዛለች፤ ሃኒ ትከሻዋ ላይ ተኝታለች። በየትንሹ እጇን ልጅቷ አፍንጫ ሥር እያደረገች ትንፋሿን ትለካለች።

ጊዲዮን ሆስፒታሉ በር ላይ ቀድሟቸው ደርሷል። ሃኒን ተሽከርካሪ አልጋ ላይ አስተኝተው ክንዷ ላይ መርፌ ሲሰኩላት፣ የዓለምዘርፍ ባሏን ወደ ኮሪደሩ ስባ ሁሉንም ነገረችው። የሚቆጣት መስሏት ነበር። ጊዲዮን ግድግዳውን ተደግፎ ግንባሩን በእጁ ያዘ።

«ለማንም እንዳትናገሪ» አለ ቀስ ብሎ።

«እንዴት?»

«ልጅ መርዘሻል ይሉሻል። ያቺ የሀያትስቪሏ ሴትዮ ልጆቿን አልወሰዱባትም? ለምን ብቻቸውን ቤት ተውሻቸው ብለው! አንቺ እኮ… በእጅሽ…» አልጨረሰውም። «ከሱቅ ገዛነው እንበል። የሱቁን ስም ረሳነው፤ አለቀ።»

የዓለምዘርፍ አስባዋለች። መኪናው ውስጥ ያሰበችው እሱን ነው። አንዲት ሴት ወረቀት ይዛ ትመጣለች፤ ሃኒን በማታውቀው መኪና ታስገባታለች፤ ሃኒም ታዛዥ ስለሆነች ቀበቶዋን ታስራለች። ማሰሮውን ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ መጣል ይቻላል። ቅርጫቱ እዚያው ነው፤ ክዳኑ በእግር ነው የሚከፈተው።

ሐኪሙ መጣ። ወጣት ነው፤ ድካሙ ፊቱ ላይ ይታያል። ዛሬውኑ ብረቱን ከደሟ የሚያወጣ መድኃኒት እንጀምራለን አለ። «ግን ምን እንደወሰደች ካላወቅን እንቸገራለን። ሌዱ ብቻ ከሆነ አንድ ነገር ነው። ሌላም ብረት አብሮ ካለ ኩላሊቷን በሌላ መንገድ መከታተል ይኖርብናል። የምታውቁት ነገር አለ?»

«ከአንድ ሱቅ…» ብሎ ጀመረ ጊዲዮን።

«እኔ ነኝ» አለች የዓለምዘርፍ።

ጊዲዮን ክንዷን ያዛት። ማሰሮውን ከነጠላዋ ሥር አውጥታ ለሐኪሙ ዘረጋችለት። እንግሊዝኛው ሁሉ ጠፋባትና የመጣላትን ተናገረች። «ሼል ነው። ኦይስተር ሼል። ጀልባ የሚጠገንበት ቦታ። እኔ ፈጨሁት። እኔ ሰጠኋት። ስትታመም ጨመርኩላት። መጀመሪያ አንድ፣ ከዚያ ሁለት፣ አሁን ደግሞ ሦስት።»

ሐኪሙ ማሰሮውን ተቀበለ። ክዳኑን ከፍቶ አየ፤ ወዲያው ዘጋው። ተቆጣት ወይስ አዘነላት አልለየችውም። «ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ» አለ። እሷ ግን ፊቱ ላይ ሌላ ነገር ስትፈልግ ሄደ።

የፈራችው የሕፃናት ጥበቃ ሴት በማግሥቱ መጣች፤ ወረቀትም ይዛ ነበር። ብዙ ጠየቀቻት፤ ጊዲዮንን ለብቻው፣ ይገዙንም ለብቻው። ይገዙ ከዚያ ሲወጣ፣ «ሰሌዳውን አንብበሃል ወይ አለችኝ። አንብቤያለሁ አልኳት» አለና የሆስፒታሉ ደረጃ ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ። ሳሌም ስትሰድበውም ስታባብለውም ሰሟት። ሴትዮዋ ሃኒን አልወሰደችም። ግን ቤታችሁ እንመጣለን፤ ደጋግመንም እንመጣለን አለች። የዓለምዘርፍ ያንን ሰምታ ማመስገን አቃታት። አልወሰዱም ማለት አይወስዱም ማለት አይደለም።

ሐኪሙን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው። «አንጎሏስ?»

«ቁጥሩ ይወርዳል» አለ። «አጥንቷ ውስጥ የገባው ግን ቶሎ አይወጣም፤ ቀስ እያለ ወደ ደሟ ይመለሳል። አንጎሏን በተመለከተ አሁን መናገር አንችልም። ስታድግ፣ ስትማር እናየዋለን።»

አጥንቷ ውስጥ። የዓለምዘርፍ ስለ አጥንቷ ነበር የተጨነቀችው።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት መድኃኒቱን የሚሰጧት ነርሶቹ ነበሩ። ማስመለሱ ቆመ። ቀለሟ ትንሽ ተመለሰ። አንድ ጠዋት ነርሷ ገብታ፣ ከነገ ወዲያ ወደ ቤት ትሄዳላችሁ፤ ቀሪውን መድኃኒት የምትሰጫት አንቺ ስለሆንሽ አሁን በፊቴ ተለማመጂ አለቻት። እንክብሉን ለሁለት ከፍቶ፣ ውስጡ ያለውን በተፈጨ ፖም ላይ ነስንሶ፣ በማንኪያ ማጉረስ ነው። ሌላ ነገር የለውም።

የዓለምዘርፍ እንክብሉን ከፈተችው። የገማ እንቁላል ሽታ ክፍሉን ሞላው። ነጭ ነው፤ የላመ ነው። ማንኪያው ላይ ነሰነሰችው፤ እጇም እዚያው ቆመ።

«እኔ አልችልም» አለች። «ጊዲዮን ይስጣት። አንቺ ስጪያት።»

«እሱ ሥራ ላይ ሲሆንስ?» አለች ነርሷ፣ ሳትቆጣት። «ሰዓቱ ማለፍ የለበትም።»

ሃኒ ትራሱን ተደግፋ ቁጭ ብላለች። ማንኪያውን አየችው፤ ከዚያ እናቷን።

«ማሚ፣ ያው ነው?»

ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ የምትመልስ ልጅ ናት፤ አሁን ግን በአማርኛ ነው የጠየቀችው፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማባት ያህል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«አይደለም፣ የኔ እናት። ያው አይደለም።»

«በምን አወቅሽ?»

የዓለምዘርፍ ማንኪያውን አየችው። ያን ጊዜም አውቃ ነበር እኮ፤ ቀቅላው፣ አንጽታው፣ በስመ አብ ብላበት። ዱቄቱ ከፖሙ ጫፍ ላይ እየረገፈ ነው።

«አላውቅም» አለች። «እነሱ ናቸው ያሉኝ።»

ሃኒ በእናቷ ትከሻ ላይ አሻግራ ነርሷን አየቻት። ረዘም አድርጋ አየቻት። ነርሷ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

ያን ጊዜ ሃኒ አፏን ከፈተች።